ሳይነኩት የሚገኘው መልክ

«አያትሽ እኮ ተጠቃሚ አይደሉም» አላት አንድ የወንድ ድምፅ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ። ሰውየው ቤቴ ውስጥ አልነበረም፤ ድምፁ የሚመጣው ከልጅ ልጄ ኮምፒውተር ነው፤ ቢሆንም ወንበር ስቦ የተቀመጠ ያህል ክፍሉን ሞልቶታል። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኜ አተር እፈለፍል ነበር። አሁን አንድ ነገር ትለዋለች ብዬ ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ «እሺ፣ ከሰዓት እንገናኝ» ብላ ዘጋችው። የማልጠቀመው ምን እንደሆነ በቅጡ ባይገባኝም «አይደሉም» የምትለዋ ግን አጥንቴ ድረስ ገባች። እኔን ብቻ ብሎ ቢሆን ይቅር ባልኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን ቢሉኝ ምን እሆናለሁ። የከፋኝ ልጅቷ በኔ የተነሳ መልስ ማጣቷ ነው።

የልጅ ልጄን ድንቢጥ የምንላት ስትወለድ ከመዳፌ ስለማትበልጥ ነው፤ ዛሬ ጭንቅላቷ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ስሙ ግን ቀረ። በሥራ ቀን ማተሚያ ቤት የሰርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ ታዘጋጃለች። በዕረፍት ቀኗ እንደ ሰው መተኛት ሲገባት ሊኑክስ ከሚሉት ነገር ጋር ስትታገል ትውላለች። ኮምፒውተር ባዶውን ዕቃ ነው አሉ፤ ነፍስ የሚዘራበት እንዲህ ያለው ነገር ነው። ሌላው በገንዘብ ይሸጣል፣ ይሄ ግን በነጻ ይሰጣል፤ የሚሠሩትም በየቤታቸው የተቀመጡ፣ ደሞዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ፈርቼ «ሰው በነጻ የሚደክመው ወይ ለነፍሱ ነው ወይ ለተንኮል፤ የአንቺዎቹ የትኞቹ ናቸው?» ብያት ነበር። «ለነፍስ በያቸው እምዬ» ብላ ሳቀች። የእሷ ቡድን የሚያዘጋጀው ያረጁ ኮምፒውተሮች ላይ ይጫናል፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት ነው የሚሄደው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በዕረፍት ቀኗ አጠገቧ ሻይ ከማስቀመጥ በቀር አልናገራትም።

ቤታችን አንድ ክፍል ከግማሽ ነው፤ ግማሿ በመጋረጃ ተለይታ የኔ ናት። ጠረጴዛዋ ጠዋት የቁርስ ናት፣ ቀን የድንቢጥ ቢሮ፣ ወደ ማታ ደግሞ ልጄ፣ የድንቢጥ እናት፣ ከልብስ ንጽሕና ቤት ሥራ ይዛ ከመጣች የካውያ ጠረጴዛ ትሆናለች። አንዱ እግሯ ስለሚያነክስ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን አለ፤ ሲጠፈጠፍ የምቀይረው እኔ ነኝ፣ ማንም አያውቅልኝም። ከመጋረጃው ብወጣ ድንቢጥ አንድ ስኒ እያጠበች ነው። አጠበችው፣ ደፋችው፣ መልሳ አነሳችና እንደገና አጠበችው። እናቷም እንዲሁ ናት፣ ስትናደድ ዕቃ ታጥባለች። ይህ ቤት እንደ መስታወት የሚያበራው ሰላም የሆንን ዕለት አይደለም።

«ማን ነው እሱ እንዲህ የሚናገርሽ?»

«ባለ ጺሙ ነው። ክፉ ሰው አይደለም እምዬ።»

«ክፉ ያልሆነ ሰው የሰው አያት ምን አደረገችው ብሎ ያነሳል?»

ሳቋ መጣና ተመለሰ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች አስረዳችኝ። አዲሱ ሊኑክስ ሊወጣ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው መልክ የሚወሰነው ዛሬ ነው። ነባሪ ገጽታ ይሉታል። የሚያውቅ ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀለሙንም ፊደሉንም እንዳሻው ይቀይራል፤ የማያውቅ ግን የሰጡትን ይዞ ይኖራል። ማንም እጁን ሳያስገባበት በፊት ያለው መልክ ነው እንግዲህ። ለዚህ ሁለት መልክ ቀርቧል፤ አንዱን ባለ ጺሙ ሠራው፣ አንዱን እሷ። የሱን አይተው ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል። የእሷን «ወፍራም፣ የድሮ ሰው ያስመስላል» ብለውታል።

«ዓይኑ የደከመ ሰው ቅንብር ውስጥ ገብቶ ያጉላው ይላል» አለች፣ ያቺን ስኒ ደግሞ እያነሳች። «ቅንብሩን በምኑ አይቶ ያገኘዋል? መነጽርህን ለመፈለግ መጀመሪያ መነጽርህን አድርግ እንደ ማለት እኮ ነው።»

«ታዲያ ይህንን አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት። ለምሳሌ አያቴ አልኩት። ያኔ ነው ያን ያለኝ።»

ለምሳሌ አያቴ? የእኔን ዓይን ነገር ማን ነገራት? ፊቷን ላነብ ብሞክር መስኮቱን ጀርባዋ አድርጋ ስለነበር የማየው ጥላ ብቻ ነው። አሮጊት ስለሆንኩ ነው እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሷ ግን ቀጠለች፤ ከሰዓት በኋላ እኔን ኮምፒውተሩ ፊት ልታስቀምጠኝ ተስማምተዋል። በሁለቱም መልክ ላይ ትንሽ ትንሽ ነገር እሠራለሁ፣ እነሱ በዚያች በካሜራዋ ያያሉ። «ደስ ካላለሽ ይቅር እምዬ» አለችኝ፣ ስትለማመጥ በልጅነት ድምፅዋ። «ምን አስቸገረኝ» አልኩ። ልቀመጥበት ግን አልፈለግሁም።

ምክንያት አለኝ። ዓይኔ ከከዳኝ ቆይቷል። ጉም የያዘው መስኮት ነው የሚመስለኝ፤ ብወለውለው የሚለቅ እየመሰለኝ እጄ ሳላዘው ወደ ዓይኔ ይሄዳል። ሰውን በድምፁና በአረማመዱ፣ ቲማቲምን በእጄ፣ ደረጃውን በእግሬ አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው የዕቃ መወልወያውን ጨርቅ ምድጃው ላይ ረስቼ ሲጨስ ልጄ ከሥራ ደረሰች። መስኮቱን ከፈተች፣ ጨርቁን ውኃ ውስጥ ጣለች፣ ከዚያ ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ «እማዬ፣ ዓይንሽ እንዲህ ከሆነ እሳት አትነኪም። ወንድሜ ጋ ብትሆኚ ይሻላል» አለች። ወንድ ልጄ ያለው ሌላ ከተማ ነው፣ ከፎቅ በላይ ፎቅ። ጠዋት ሁሉም ይወጣል፣ ማታ ሁሉም ይገባል፤ በመካከሉ ያለውን ቀን የማሳልፈው ከግድግዳ ጋር ነው። ሚስቱ ጥሩ ሴት ናት፤ ጥሩነቷ ግን ሰውን ዝም ያሰኛል። እዚህ ድንቢጥ አለች፣ አተር የምፈለፍልበት አልጋ አለ። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዓይኔ ምን ሆነና፤ ጭሱ ነው እንጂ» አልኳት። እሷ ሥራ ስትሄድ ግን ሾርባውን አሁንም የምሠራው እኔ ነኝ፤ ማታ ስትመጣ ማን ሠራው ሳትል ትበላለች። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቤቱ እንግዳ ነገር ያመጣ ጀመር። ነጭ ስኒዎቼ ጠፉና ጥቁር ሰማያዊ ስኒዎች መጡ። የደረጃችን ጫፍ ነጭ ቀለም ተቀባ። የምድጃው ማብሪያ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጠፈ፣ ያውም ዓይን የሚወጋ ቢጫ። የድንቢጥ የቀለም ልክፍት ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ቀለም የምትወድ ልጅ የምታደርገውን አታጣም። ስኒው እንዲያውም እየቆየ ተስማማኝ። ወተት ስቀዳ መድፋት ተውኩ፤ እጄ የረጋ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ድንቢጥ ማውሱን በእጄ አስይዛ፣ እጇን በእጄ ላይ አድርጋ አለማመደችኝ። የምታለማምደኝ በራሷ መልክ ላይ ነበር። እውነት ለመናገር ወፍራም ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን ጥቁር ጠርዝ አለው፣ ፊደሉ እንደ ሱቅ ታፔላ ነው፣ ማውሱን ተከትላ የምትሄደው ቀስትም ጥቁር ሆና ዙሪያዋን ቢጫ ናት። ሥዕሎች ያሉበትን ፎልደር መክፈት፣ አንድ ሥዕል ማውጣት፣ መዝጋት፣ ድምፁን መቀነስ፤ ፈተናው ይኸው ነው። ቀስ እያልኩ ቻልኩ። በመሃል ስልኳ ጮኸ፤ ማተሚያ ቤቱ ነው። የአንዲት ሙሽራ ካርድ ላይ ቀኑ ተሳስቶ ሊታተም ሲል ደርሰውበታል። «መጣሁ፣ አንቺ እንደ ልብሽ ነካኪው፣ አይሰበርም። ይህቺን ስትጫኚ የባለ ጺሙ ይሆናል፣ መልሰሽ ስትጫኚ የኔ» ብላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ወጣች።

ብቻዬን ስሆን ያቺን ተጫንኩ። ነጭ ጨርቅ ላይ ወተት ፈሰሰ። ምንም የለም። አፍንጫዬ እስኪነካው ተጠጋሁ፤ አመድ የመሰለ ፊደል እዚህም እዚያም ብልጭ ይልና ይጠፋል። ቀስቷ ራሷ ነጭ ናት፤ የት እንደገባች ፈጣሪ ይወቅ። ከሰዓት በኋላ እንዲህ ስደናበር ያዩኛል። ባለ ጺሙ «አላልኩም? ተጠቃሚ አይደሉም» ይላል። ድንቢጥ በሰው ፊት ታፍራለች። ልጄም ማምሻውን ሳይሆን ከሰዓት የምትመለስበት ቀን ነው፤ ትሰማለች፤ ሻንጣዬ ከአልጋው ሥር ይወጣል። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወደ ታች ወረድኩ።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት። ወሬ ትወዳለች፣ ምሥጢር ግን አታወጣም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ መገኘታቸው እኔንም ይገርመኛል። በሩን ስትከፍት እጇ ላይ የተቆረጠ ሎሚ አለ።

«እዪው ይሄን ሎሚ! ባለ ሱቁ በፊት ከረጢት ሙሉ በሚገዛ ብር ይቺን አንዷን ሰጠኝ፤ ውስጡ ደግሞ ፍሬ ብቻ።»

«ሎሚውን ተይውና ነይ። ፈተና አለብኝ።»

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሥራ ልትቀጠሪ ነው?»

«ፈተናው የልጅቷ ነው። የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።»

ሎሚዋን እንደያዘች ወጣች። ኮምፒውተሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ስለ ዓይኔ ምንም አልጠየቀችም። «እኔ ያን ሁሉ ዘመን ስመታ ጣቶቼን አይቼ አላውቅም» አለች። «አለቃዬ ሲገባ ሲወጣ በመስኮት እያየሁ ነው የምጽፈው። ዓይን ምን ይሠራል፤ ጥግ ያዢ።» ማውሱን ወደ ታችኛው የግራ ጥግ እስከ መጨረሻው ብገፋው ቀስቷ ከጥጉ አታልፍም፤ ብገፋ ብገፋ እዚያው ናት። ከጥጉ ተነስቼ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ካልኩ ፎልደሩ ነው። ለመዝጋት ላይኛው የቀኝ ጥግ ነው። ድምፁ ታችኛው የቀኝ ጥግ። መልኩ ሲቀየር ልብሱ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ አጥንቱ ያው ነው። ምድጃዬን የማውቀው በዚህ አይደል? ታይፒስቷ ከኋላዬ ቆማ «ተነሺ፣ ጥግ፣ ላይ፣ ጠቅ! ተነሺ፣ ጥግ!» እያለች እንደ ወታደር አሰለጠነችኝ። አንዴ ስቼ ኮምፒውተሩን ላጠፋው ስል ጮኸችብኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። መጨረሻ ላይ በነጩ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ሠራሁት። «ይሄን ካዩ ደሞዝ ሊቆርጡልሽ ነው» አለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «እትዬ፣ ግን ልጅቷ ይሄን ነው የፈለገችው?» አለችኝ። እኔ በድሌ ደስታ ላይ ነበርኩ፤ «እንዳላፈርባት ነዋ የምትፈልገው» ብዬ ሸኘኋት።

ድንቢጥ ተመለሰች፣ ፀጉሬን አበጠረችልኝ፣ ሻሼን አስተካከለችልኝ፤ ፎቶ የምነሳ ይመስል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ባለ ጺሙ፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ አንዲት ሴት፣ ሌላው ደግሞ ሲያስል ብቻ የምሰማው ሰው። ባለ ጺሙ «እማማ እንደምን ዋሉ፣ ስላስቸገርንዎ ይቅርታ» አለኝ። እንዲህ ያለ ትሁት መሆኑን አልጠበቅሁም ነበር፤ ትንሽ አናደደኝ። መጀመሪያ የሱን ነጩን ከፈቱልኝ። ጥግ። ላይ። ጠቅ። ሥዕሉ ተከፈተ፤ ምን ሥዕል እንደሆነ አላውቅም፣ ግን መከፈቱን ድንቢጥ ትንፋሿን ስትውጥ አወቅሁ። ዘጋሁት። ድምፁን ቀነስኩት። ወንዶቹ አጨበጨቡ። «እማማ፣ ድንቅ ነዎት! ከእኔ ይፈጥናሉ» አለ ባለ ጺሙ። ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ የድንቢጥን ከፈቱ፤ ያንኑ በዚያው ፍጥነት ሠራሁ። ጨረስኩና እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ምስጋናዬን ጠበቅሁ።

ያቺ ድምፀ ለስላሳ «እንግዲህ» አለች፣ «ልዩነት የለም ማለት ነው። እማማ በሁለቱም እኩል ናቸው። ከሆነ የሚያምረውን ብንወስድ…» ድንቢጥ «እሺ» አለች። አንዲት «እሺ»፣ ከንፈር ላይ የሞተች። ከዚያ የጣቷን ቀለበት ማዞር ጀመረች፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታለቅስ ያልታየች መስሏት የሆነ ነገር ታዞራለች። ያኔ ነው የታይፒስቷ ጥያቄ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ የወረደብኝ። ልጅቷ የፈለገችው እንዳልፍላት አልነበረም። እንድወድቅላት ነበር። ያላየሁትን አላየሁም እንድልላት ነበር። እኔ ደግሞ ሌላው ቢቀር ይህን አንድ ነገር ላሳምርላት ብዬ በሩን በገዛ እጇ ላይ ዘጋሁባት።

ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላዬ የእንፋሎትና የስታርች ሽታ መጣ። ልጄ ናት፤ መቼ እንደገባች አልሰማኋትም፤ በሩ ላይ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማለች። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ያ ግድግዳ፣ ያ ፎቅ፣ ያቺ ጥሩ ሴት ፊቴ መጡ። ቀለበቱ ይዞራል። ባለ ጺሙ «ካልሆነ ድምፅ እንስጥና እንጨርስ» ሲል ሰማሁት።

«ቆዩ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «አንተ ልጅ፣ ያንተን ነጩን መልሰህ አምጣልኝ። ድንቢጥ፣ አንቺ ደግሞ ያን ምልክቶቹ የተደረደሩበትን የታችኛውን መስመር ከታች አንሺና ሌላ ቦታ አድርጊው። ሁሉንም ከቦታ ቦታው አዛውሪው።»

«እምዬ፣ ለምን?»

«አድርጊው ብዬሻለሁ።»

ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «አደረግሁት» አለች። እጄን ማውሱ ላይ ጣልኩ። ጥግ ያዝኩ፣ ምንም። ሌላው ጥግ፣ ምንም። ወተት ነው፣ ሁሉም ወተት ነው። አንዱን ነገር ተጫንኩ፣ ሌላ ነገር ተከፈተ፤ የከፈትኩትን መዝጊያ አጣሁ። እጄ በጠረጴዛው ላይ ጨለማ ቤት መብራት እንደሚፈልግ ሰው ሲዳብስ ሁሉም ያያሉ፤ ልጄም ታያለች። የሚያስለው ሰውም ማሳሉን ተወ። «አሁን ያንቺን» አልኩ። የድንቢጥ መልክ መጣ፤ ቦታው ሁሉ ተቀይሯል፣ ግን ጥቁሩ ጠርዝ አለ፣ ቢጫዋ ቀስት አለች። ቀርፋፋ ነበርኩ። አንዴ ተሳሳትኩ። ፎልደሩን ግን ፈልጌ አገኘሁት፤ ሥዕሉን ከፈትኩት፤ የሚበር ነገር ነው፣ ወፍ ይመስለኛል። ዘጋሁት።

«ቅድም አይቼ የሠራሁት አይምሰላችሁ» አልኩ። «ጎረቤቴ ናት ጥግ ጥጉን ያስጠናችኝ። ዓይኔ ከታመመ ቆይቷል። ልጅቷ በኔ እንዳታፍር ብዬ ነው። እሷ አታውቅም፤ በእሷ እንዳታላክኩ።»

ባለ ጺሙ «እማማ፣ ያን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ነው የተለማመዱት?» አለ። «ዛሬ ነዋ» ስለው እንደ መሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን የሚያስከፋ አልነበረም። «እኔ ይህችን ነገር ስሠራ ስንት ሌሊት አድሬባታለሁ» አለ ቀስ ብሎ፤ ለማን እንደሚናገር አልታወቀም። አንጀቴን በላው። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ እሱንም እንቅልፍህን ተኛ የምትለው አንዲት አያት ይኖረው ይሆናል። «ጠዋት ስለተናገርኩት ይቅርታ» አለ፣ «ነባሪው የድንቢጥ ይሁን። የኔን የፈለገ ሰው ገብቶ ያገኘዋል፤ የሚያይ ሰው ማግኘት አያቅተውም።» ድምፀ ለስላሳዋ «እኔም» አለች። የሚያስለው ሰው «እኔም» ብሎ አሳለ። ድንቢጥ አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ «ከጀርባ የሚታየው ሰማይ ግን ያንተ ይሁን» አለችው። «በጥቁሩ ጠርዝ ውስጥ ያምራል።» ባለ ጺሙ «እሺ» አለ፤ ይህኛው «እሺ» ሕይወት ነበረው።

ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ቤቱ ጠበበ። ድንቢጥ ከኋላዬ አንገቴን አቅፋ ፊቷን ሻሼ ላይ አደረገች። ልጄ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ወደ መታጠቢያው ሄደች፣ ውኃ ከፈተች። ሥራዋ ልብስ ማጠብ ነው፤ እጇ ቀኑን ሙሉ ሳሙና ውስጥ ውሏል፤ ቢሆንም ታጠበች፣ ታጠበች። ከዚያ ዕቃ ከዕቃ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ የታጠበውን ሳህን መልሳ እያጠበች ነው። ምድጃው ላይ ከፈተናው በፊት የጣድኩት ሾርባ ይንተከተካል፤ ከመምጣቷ በፊት ሳላወርደው ቀርቻለሁ። ድንቢጥ ጠረጴዛውን ጠርጋ ማንኪያ ማቅረብ ጀመረች። እኔ እንደ ተቀመጥኩ ነኝ። ሻንጣው ውስጥ የክረምት ሹራቤ መኖሩን ለማስታወስ እሞክራለሁ።

«መቼ ነው የምሄደው?» አልኩ በመጨረሻ።

«የት?» አለች ልጄ፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ።

«ወንድምሽ ጋ።»

ውኃው ቆመ። «የዓይን ሐኪም ጋ ነው የምትሄጂው» አለች። «ቀጠሮ ካስያዝኩልሽ ቆየ። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ብለውኛል። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ዓይንሽስ ስልሽ ደህና ነኝ፣ ዓይንሽስ ስልሽ ደህና ነኝ።» ድምፅዋ ተሰበረና መልሳ አቃናችው። «ያን ዕለት ቤቱ በጭስ ተሞልቶ አንቺ መሃሉ ላይ ቆመሽ ሳይሽ ነው ያን የተናገርኩት። ደንግጬ ነው። አንቺ ደግሞ ያን ይዘሽ…»

«ስኒዎቹንም እሷ ናት የገዛቻቸው» አለች ድንቢጥ ቀስ ብላ። «ደረጃውንም እሷ ናት የቀባችው። እኔ ከእሷ አይቼ ነው ያን መልክ የሠራሁት።»

ተነስቼ ወደ ምድጃው ሄድኩ፤ እጄ ማብሪያውን አገኘ፣ በጣቴ የፕላስተሩን ጫፍ ዳበስኩት። የልብስ ንጽሕና ቤቱ ፕላስተር ነው፤ እድፍ ያለበትን ልብስ ምልክት የሚያደርጉበት። ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አልዳበስኩትም። ጫፉ በመቀስ አልተቆረጠም። በጥርስ ነው የተቆረጠው፤ ልጄ መቀስ አጠገቧ እያለ ክር በጥርሷ ስትበጥስ፣ ጥርስሽ ይሰበራል እያልኩ ነው ያሳደግኋት።

እጄን አነሳሁ፤ እሳት አትነኪም ተብያለሁና ወደ ኋላ አልኩ። ልጄ ከኋላዬ ቆማለች፤ የእንፋሎቱ ሽታ ይሰማኛል፤ ከፊቴ ልታልፍ፣ ልትቀድመኝ ትችል ነበር። አላለፈችም።

«ሾርባው በቅቶታል እማዬ» አለች። «ዝጊው።»

እጄን መልሼ ሰደድኩ። ድስቱም፣ ግድግዳውም፣ መስኮቱም ጉም ናቸው። ቢጫዋ ብቻ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።